በኢስተርን አቬኑ ማዶ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪና የአካባቢ ምክር ቤት ውክልና

ዋሽንግተን ዲሲን ከሜሪላንድ የሚለየው ኢስተርን አቬኑ ሲያዩት ተራ መንገድ ነው፤ ለመራጭ ግን ግራና ቀኙ ሁለት አስተዳደር ነው። በዲሲ በኩል የሚኖር ሰው ስምንት ዋርዶችና 13 አባላት ያሉት ምክር ቤት አለው። ከዚያም ዝቅ ብሎ እያንዳንዱ ኮሚሽነር 2,000 ገደማ ነዋሪ የሚወክልበት የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን አለው። መንገዱን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ግን ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የለውም። በ2020 (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሕዝብ ቆጠራ 81,015 ነዋሪ የተቆጠረበት ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ከተማ አይደለም፤ ለቆጠራ ሲባል ድንበር የተሰመረለት አካባቢ ነው። የፖሊሱን በጀት፣ የመሬት አጠቃቀሙንና የቤት ኪራይ ደንቡን የሚወስነው ሮክቪል የሚቀመጠው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ነው።

በዚህ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያዊ ይኖራል። ካውንቲው በ2012 ከጎንደር ጋር የእህትማማችነት ስምምነት ተፈራርሟል፤ የኢትዮጵያውያን ንግድ ቤቶችም የአካባቢው መልክ ከሆኑ ቆይተዋል። ይህ ዕውቅና የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ዕውቅናና ውክልና አንድ አይደሉም። የዚህ መጣጥፍ ክርክር፣ በከተማ ዳርቻ የተበተነ ማኅበረሰብ የሚወከልበትም የማይወከልበትም መንገድ በአብዛኛው ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ይወሰናል የሚል ነው። የሚወስኑትም የድንበር አሰማመር፣ የፓርቲ ምዝገባና የቋንቋ ሕግ ናቸው።

ከድንበሩ እንጀምር። እስከ 2022 ድረስ የካውንቲው ምክር ቤት ዘጠኝ አባላት ነበሩት፤ አምስቱ ከየዲስትሪክታቸው፣ አራቱ ደግሞ ከመላው ካውንቲ የሚመረጡ። ይህ አሠራር የቆየ ቅሬታ ነበረበት። በአንድ ወቅት በመላው ካውንቲ ከተመረጡት አራት አባላት ሦስቱ ነዋሪነታቸው በካውንቲው ደቡብ ጥግ ባለችው ታኮማ ፓርክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። የሰሜኑ ነዋሪዎች «የደቡቡ ጥግ ይገዛናል» ቢሉ አይፈረድባቸውም። በኅዳር 2020 ሁለት ተፎካካሪ ሐሳቦች ለሕዝበ ውሳኔ ቀረቡ። አንደኛው አራቱን የጋራ መቀመጫዎች ሰርዞ ዘጠኝ ዲስትሪክት እንዲሆን፣ ሌላው የጋራዎቹን ጠብቆ ዲስትሪክቶቹን ወደ ሰባት እንዲያሳድግ ጠየቁ። መራጩ ሁለተኛውን መረጠ፤ በ2022ም 11 አባላት ያሉት ምክር ቤት ተመረጠ።

ስሌቱ ቀላል ነው። 1,062,061 የሆነው የካውንቲው ሕዝብ ለአምስት ሲካፈል ለአንድ የዲስትሪክት ተወካይ 212,000 ገደማ ይደርሰው ነበር፤ ለሰባት ሲካፈል ወደ 152,000 ወረደ። መሻሻል ነው፣ ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ ካለው የ2,000 ሰው ኮሚሽነር ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ቀበሌን የመንግሥት የመጀመሪያ ደጃፍ አድርጎ ላደገ ሰው 152,000 ሕዝብ የሚወክል አንድ ሰው በጣም ሩቅ ነው። አዲሱ ካርታ የሲልቨር ስፕሪንግን መሐልና ታኮማ ፓርክን በአራተኛው ዲስትሪክት፣ እንደ ዋይት ኦክና በርተንስቪል ያሉትን የምሥራቅ አካባቢዎች በአምስተኛው አስቀምጧል። በሁለቱም ወገን ያለው ሐበሻ ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ሆኖ ሳለ የምክር ቤት ወኪሉ ሁለት ነው። ይህን እንደ በደል አላየውም። የተበተነ ሕዝብን በአንድ መስመር ልክበበው ቢሉ መስመሩ ሌላውን ያፈናቅላል፤ ሁለት ዲስትሪክት ውስጥ የሚቆጠር ማኅበረሰብም ሁለት አባላትን ማነጋገር ይችላል። መፍትሔውን ከካርታ ብቻ መጠበቅ ግን ስሕተት ነው።

ዋናው በር ያለው ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚመርጡበት ቅድመ ምርጫ ላይ ነው። በካውንቲው ምክር ቤት ከ2006 ወዲህ አንድም ሪፐብሊካን አልተቀመጠም። ስለዚህ መቀመጫው በተግባር የሚያዘው በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ነው፤ የኅዳሩ ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ ማጽደቂያ ይሆናል። የሜሪላንድ ቅድመ ምርጫ ደግሞ ዝግ ነው፤ በፓርቲው ያልተመዘገበ ሰው ለምክር ቤቱ ዕጩ አይመርጥም። የፓርቲ አባልነት እስርና ስደት ካስከተለበት አገር የመጣ ሰው የምዝገባ ቅጹ ላይ «ፓርቲ የለኝም» የሚለውን ቢመርጥ ከብልህነት ይቆጥረዋል። በሞንትጎመሪ ግን ያ ምልክት ወሳኙን ድምፅ ያሳጣዋል። የዚህን ክብደት የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ቅድመ ምርጫ ያሳያል። ማርክ ኤልሪች በ2018 ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ77 ድምፅ፣ በ2022 ደግሞ ዳግም ከተቆጠረ በኋላ በ32 ድምፅ ነበር። በአንድ እሑድ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ምእመን ከዚህ ይበልጣል።

ዜግነት ያላገኘው ነዋሪስ? ግሪን ካርድ ይዞ ዓመታት የሚጠብቅ፣ ግብር የሚከፍል፣ ልጁን በካውንቲው ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው አለ። ታኮማ ፓርክ በ1991 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ በጠባብ ልዩነት ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ሰጠች፤ በ2013 ደግሞ የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 ዝቅ አደረገች። ዲሲ በ2022 ባወጣው ሕግ በአካባቢ ምርጫ ተመሳሳይ መብት ሰጥቷል። ሲልቨር ስፕሪንግ በሁለቱ መካከል ነው። የሜሪላንድ ሕግ ይህን ዓይነት ውሳኔ ለከተሞች ስለሚተወው፣ ከተማ ያልሆነ ሰፈር ሕዝበ ውሳኔ የሚጠራበት መንገድ እንኳ የለውም። ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። የካውንቲው ምክር ቤት በ2023 የኪራይ ጭማሪን ከዋጋ ንረቱና ከሦስት በመቶ ድምር በላይ እንዳይሄድና በምንም መልኩ ከስድስት በመቶ እንዳያልፍ የገደበውን ሕግ ያጸደቀው በ7 ለ4 ድምፅ ነው። የሁለት አባላት አቋም ቢለወጥ የብዙ አፓርታማ ተከራይ ወርኃዊ ወጪ ሌላ ይሆን ነበር፤ ከተከራዮቹም ብዙዎቹ ያንን ምክር ቤት ለመምረጥ መብት አልነበራቸውም።

ዜግነቱን ያገኘውም ከቋንቋ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። የፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ በ1975 ሲሻሻል በቂ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ማኅበረሰቦች የምርጫ ሰነድ በቋንቋቸው እንዲቀርብ አዘዘ። ነገር ግን «የቋንቋ አናሳ» ብሎ የዘረዘረው የስፓኒሽ ቅርስ ያላቸውን፣ እስያውያንን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችንና የአላስካ ተወላጆችን ነው። የአፍሪካ ቋንቋዎች በዝርዝሩ የሉም። በአንድ ካውንቲ አማርኛ ተናጋሪ መራጭ ከተወሰነው 10,000 ወይም አምስት በመቶ መለኪያ ቢያልፍ እንኳ ሕጉ ስለ እሱ ምንም አይልም። ቁጥር የማይፈታው ችግር በመሆኑ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ሕጉ ግን የሚያዘው ዝቅተኛውን ነው፤ ከዚያ በላይ መሥራትን አይከለክልም። በዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ሲተገበር አማርኛ ዋና ከሚባሉት ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ የዲሲ የምርጫ ቦርድም የመራጮች መረጃ በአማርኛ ያቀርባል። ሞንትጎመሪም የናሙና ድምፅ መስጫ ወረቀትና ስለ ዝግ ቅድመ ምርጫ ግልጽ ማብራሪያ በአማርኛ ማተም ይችላል። እስከዚያው በ1982 የተጨመረው ድንጋጌ አለ፦ ማንበብ የሚያስቸግረው መራጭ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል በቀር የመረጠውን ረዳት ይዞ ወደ ድምፅ መስጫው መግባት ይችላል። ልጅ ለእናቱ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ሊያነብ ይችላል፤ ይህን መብት ግን በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ለእናትየው በቋንቋዋ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል።