የሃረና ደን ብርቅዬ እንቁራሪቶች እና የጥበቃው ልክ

የባሌ ተራሮች ሲነሡ ቀድመው የሚጠሩት ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ናቸው። በ1970 የተቋቋመውና በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ብሔራዊ ፓርክም ስሙ ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁንና ሁለቱም በሌላ አገር የቅርብ ዘመዶች አሏቸው። በዚያው ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት፣ ጉም በማይለየው የሃረና ደን ውስጥ፣ ከወገናቸው ብቸኛ ተወካይ የሆኑ እንቁራሪቶች ይኖራሉ። እነሱ ቢጠፉ የሚጠፋው አንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ወገን ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ የፓርኩ ወሰን ብቻውን እነዚህን እንስሳት አያድናቸውም የሚል ነው።

ዝርያዎቹና መኖሪያቸው

ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ የተባለውን እንቁራሪት በ1989 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ማልኮም ላርገንና ሮበርት ድሩውስ ናቸው። የሚታወቀው ከሃረና ደን የላይኛው ጫፍ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ የኮሶና የገተም ዛፎች ከአስታ ጋር ከሚገናኙበት ጠባብ ስፍራ ነው። የሚመደብበት ቤተሰብ አባላት በአብዛኛው በታንዛኒያ ተራሮችና በደቡባዊ አፍሪካ ይኖራሉ፤ የባሌው ከእነሱ እጅግ ርቆ የቀረ ነው። የዚህ ቤተሰብ እንቁራሪቶች ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ባለ ጅራት እጭ የላቸውም፤ እርጥብ መሬት ውስጥ ከሚጣለው እንቁላል የሚወጣው ሙሉ ቅርጽ የያዘ ትንሽ እንቁራሪት ነው። ስለዚህ ኩሬ አያስፈልጋቸውም፤ የማይደርቅ አፈርና መጠለያ ግን የግድ ነው። ላርገን በ1991 ያስተዋወቀው ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ በአንጻሩ ፈጣንና ጠባብ የተራራ ጅረቶችን ዳር ይዞ የሚኖር ነው። ሁለቱም ዛሬ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ እጅግ አሳሳቢ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው መካከል ሰፍረዋል።

ምን ታየ?

ዴቪድ ጋወርና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በባሌ ብቻ የሚገኙ አራት የእንቁራሪት ወገኖችን የተመለከተ የረጅም ጊዜ መረጃ አቅርበዋል። መለኪያቸው አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ፍለጋ የሚያገኘው የእንስሳት ብዛት ነበር። የእንቁራሪት ቁጥር በተፈጥሮው ከዓመት ዓመት ስለሚዋዥቅ፣ የአንድ ክረምት ቆጠራ ብቻውን የሚያሳስት ነው፤ ጥናቱን ክብደት የሰጠውም የዘመኑ ርዝመት ነው። ውጤቱ አስደንጋጭ ሆነ፤ አንዳንዶቹ ቀድሞ በሚገኙበት ስፍራ ተፈልገው ታጡ።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። የግጦሽ ከብት የጅረት ዳር ዕፅዋትን ይረግጣል፤ ለግጦሽ ተብሎ የሚለቀቅ እሳት አስታውን ያቃጥላል፤ ደኑ ሲሳሳ ፀሐይና ነፋስ ገብተው አፈሩን ያደርቁታል። ከዚህ ሌላ ኪትሪድ የተባለው ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በብዙ ዝርያዎች ላይ በስፋት መገኘቱ በ2012 ተዘግቧል። ፈንገሱ ቆዳን ያጠቃል። እንቁራሪት በቆዳዋ ውሃና ጨው ስለምትመጥን፣ ሕመሙ ሲጸና የደም ጨው ይዛባል፤ ልብም ይቆማል። በባሌ ለታየው መመናመን የፈንገሱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ገና አልተለየም፤ መኖሪያው የተጎዳበት እንስሳ ግን ለበሽታም መቋቋሚያው ያነሰ ነው።

ወሰን ብቻውን እንደማይበቃ ከሞንቴቨርዴ መማር ይቻላል። በዚህ የኮስታሪካ ጥብቅ የጉም ደን ውስጥ በ1987 ከ1,500 የሚበልጡ ወርቃማ ጉርጦች ለመራባት ተሰብስበው ታይተው ነበር። በ1989 የታየው አንድ ብቻ ነው፤ በ2004 ዝርያው እንደጠፋ ታወጀ።

ጥበቃው የሚወርድበት ልክ

ቀይ ቀበሮን ለመጠበቅ ሰፊ ሜዳ ይታሰባል። ለሃረና እንቁራሪት ወሳኙ የወደቀ ግንድ፣ የቅጠል ብስባሽና ጥቂት ሜትር የጅረት ዳር ነው። ቁም ዛፍ መቁረጥ እንደ ጥፋት ይቆጠራል፤ ደረቅ እንጨት መልቀም ግን ጉዳት የሌለው ይመስላል። ከግንድ ሥር ለሚጠለል እንስሳ ሁለቱ ብዙም አይለያዩም። ስለዚህ በታወቁት ጥቂት ስፍራዎች የወደቀ እንጨት እንዳይነሣ መወሰን፣ ከብት የሚጠጣበትን ቦታ ከእነዚያ ጅረቶች ማራቅ፣ ወደ ደኑ የሚገቡ ተመራማሪዎችና ጎብኚዎች ጫማቸውን ከፈንገስ እንዲያጸዱ ማድረግ፣ ቆጠራውንም በዝናብ ወራት በአንድ ዓይነት ዘዴ በየዓመቱ መድገም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ያለ ነዋሪው ፈቃድ አይሆንም። የሃረና ሰው ከደኑ ማርና የጫካ ቡና ያገኛል፤ ደኑ መቆሙ የእሱም ጥቅም ነው። ክልከላው ጥቂት ስፍራዎችን ብቻ የሚመለከት በመሆኑ ከኑሮው የሚወስደው ጥቂት ነው፤ በምትኩ አማራጭ ማገዶና የውሃ ገንዳ ሊቀርብለት ይገባል። የፓርኩ የአስተዳደር ዕቅድም ስኬቱን በቀበሮና በአጋዘን ቁጥር ብቻ ሳይለካ፣ የእንቁራሪቶቹን ቆጠራ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ማድረግ አለበት።