ሁለት ታንኳ፣ አንድ ሸራ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ቦታው ሃዋይ ነው፤ ኦዋሁ ደሴት፣ ዋይኪኪ የሚባለው የባሕር ዳርቻ። ጊዜው ክረምታቸው፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከ10 ሰዓት አልፏል። ወደብ ብትፈልጉ የለም። የፀሐይ መጥለቂያን ልታሳየን የተዘጋጀችው ጀልባ ግንባሯን አሸዋው ላይ አስደግፋ ቆማለች። ተሳፋሪው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ በመሰላል ይወጣል። ባለሚሊዮኑም ሆነ ትናንት የተሞሸረችው፣ እግሩን ሳያርስ የሚሳፈር የለም።

እንዲህ አሸዋ ላይ የምትወጣው ካታማራን ብትሆን ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቀጫጭን ታንኳዎች፣ በላያቸው አንድ ወለል፣ ከመካከል ምሰሶና ሸራ፤ በቃ። ሌላው ትልቅ ባለ ሸራ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ እንዳይገለብጠው ከሆዱ ሥር ከባድ ብረት ወይም እርሳስ ይሸከማል፤ ስለዚህ ጥልቅ ውሃ ይሻል። ካታማራን ግን እግሩን አንፈራጦ እንደቆመ ታጋይ ናት፤ ያ ሁሉ ክብደት አያስፈልጋትም፣ ከጉልበት በማይበልጥ ውሃም ትገባለች።

ለመሆኑ ማን አመጣት? ዓመታቱን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ውዲ ብራውን የሚባል ሰው ነበር፤ በ1912 ኒው ዮርክ ውስጥ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ሀብቱን ትቶ ሞተር በሌለው አውሮፕላን መብረርና ማዕበል ላይ መንሸራተት ያዘ። ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት። ሐዘኑ አላስቀምጥ ቢለው ሃዋይ ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ አላነሳም አለ፤ በቅየሳ ሥራ ክሪስማስ ወደምትባለው ደሴት ሄደ። እዚያ ታዲያ የአገሬው ሰው ታንኳ በሸራ ብቻ ሲከንፍ አየ! ዓይኑን ማመን አቃተው። ተመልሶ በ1947 አልፍሬድ ኩማላኤ ከሚባል ሰው ጋር «ማኑ ካይ» የተባለችውን ካታማራን ሠራ። ክብደት የበራሪ ጠላት መሆኑን ያውቅ ነበርና ቀላል አደረጋት። ከዚያ በኋላ የዋይኪኪን እንግዳ ባሕር ላይ ማንሸራሸር እንጀራው ሆነ። በ2008 ሲሞት 96 ዓመቱ ነበር።

ነገሩ ለደሴቶቹ ሰዎች አዲስ አልነበረም። በ1976፣ በጥንት አባቶቻቸው አሠራር መልክ የተሠራች «ሆኩሌአ» የተባለች ባለ ሁለት ታንኳ መርከብ ያለ ኮምፓስ ከሃዋይ ተነስታ በአንድ ወር ገደማ ታሂቲ ደርሳለች፤ መንገድ መሪዋ፣ የሳታዋል ደሴቱ ማው ፒያይሉግ፣ ኮከብና የባሕሩን ሞገድ እያየ ነው የወሰዳት። ይህን እያወቅሁ፣ ተሳፋሪው ጀርባውን ለሸራው ሰጥቶ በእጁ ስለያዘው መጠጥ ብቻ ሲያወራ ይከፋኛል።

ወደ ጉዟችን እንመለስ። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከከተማው ጀርባ ስለሚመጣ መውጣቱ ቀላል ነው። ሸራው ተሳበ፤ በግራ በኩል ዳይመንድ ሄድ፣ ያ 232 ሜትር ከፍታ ያለው የድሮ እሳተ ገሞራ፣ እየራቀ ሄደ። የምመክራችሁ ቦታ ከፊት፣ በሁለቱ ታንኳዎች መካከል የተወጠረው መረብ ነው። ተጋደሙበት። ከሆዳችሁ ሥር ባሕሩ ሲሮጥ ታያላችሁ፤ በየመካከሉ አንዷ ሞገድ ከታች ተወርውራ አገጫችሁን ታጥባለች። ኤሊ አየር ልትስብ ራሷን ብቅ ስታደርግ የቀኙ ሁሉ ወደ ግራ ይሮጣል፤ ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አትልም።

አሁን ፀሐይቱ ወርዳለች። በዚያ አገር ክረምት ባሕር ውስጥ ትጠልቃለች፤ በበጋ ግን ወደ ዋያናኤ ተራሮች ታዘነብላለች። አወራረዷም ቀጥ ያለ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ይህን መንገር አያሻም፤ መሸ ሳንል ይጨልምብናል። ስቶክሆልም ያለው ዘመዳችን ግን፣ በበጋ አመሻሹ አላልቅ እያለ የሚያሰለቸው፣ እዚህ ቢመጣ ይደነግጥ ነበር። የታችኛው ጠርዟ ውሃውን ከነካ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ አለቀ። ደግሞ ስሙ፤ አየሩ ብርሃንን ስለሚያጎብጥ ፀሐይቱ ውሃውን የነካች ሲመስለን፣ እሷ በእውነቱ ከአድማሱ በታች ወርዳለች። የምናጨበጭብላት ከሄደች በኋላ ነው!

ሰማዩ ጥርት ካለ የመጨረሻዋ ጭላንጭል ለአንድ ለሁለት ሰከንድ አረንጓዴ ትሆናለች። ቀዩ ቀድሞ ይጠፋል፣ ሰማያዊው አየር ውስጥ ይበተናል፣ አረንጓዴው ይቀራል። ቀድማችሁ ፀሐይቱ ላይ አታፍጥጡ፤ ዓይን ይጎዳል። ስልኩን የደቀነው ሁሉ ደግሞ አያያትም፤ ከዚያ «ውሸት ነው» ይላል።

መመለሱ ነው ሥራው። አሁን ነፋሱ ከፊት ነውና ሸራው ወርዶ ሞተር ተነሳ። ካፒቴኑ ከዳርቻው ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ፤ ወደ ኋላው እያየ ትልልቆቹ ማዕበሎች እስኪያልፉ ጠበቀ። ፋታ ሲያገኝ ነዳት። አሸዋው ከታች ቋ ብሎ ተፈጨ፤ ሁለት ልጆች ዘለው መሰላሉን ያዙ።

«ቶሎ! ቶሎ ውረዱ! ሌላው ማዕበል ሳይደርስ!»

አንዲት ወፍራም እመቤት ጫማዋን እየፈለገች ሁላችንንም አስቆመችን።