ብክለትን የሚለካው ራሱ ሲበክል
(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

አንድ ፋብሪካ ወደ ወንዝ በሚለቀው ፍሳሽ ውስጥ ምን ያህል ዘይትና ቅባት አለ? የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች ይህን ለማወቅ ለዓመታት የተከተሉት አሠራር ቀላል ነበር። አንድ ሊትር ፍሳሽ ይወሰድና አሲድ ይጨመርበታል። ከዚያ ፍሬዮን 113 የተባለ አሟሚ ፈሳሽ 30 ሚሊ ሊትር ገብቶበት በኃይል ይናጣል። ዘይቱ ውሃውን ትቶ ወደ ፍሬዮኑ ይገባል። ይህ 3 ጊዜ ይደገማል። በመጨረሻ ፍሬዮኑ እንዲተን ይደረግና የቀረው ቅባት ይመዘናል። ተንኖ የወጣው ፍሬዮን ካልተያዘ በቀር መሄጃው አየር ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፍሬዮን 113 የኦዞንን ሽፋን ከሚያሳሱት ኬሚካሎች አንዱ ነው። ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች የእነዚህን ኬሚካሎች አደጋ በ1974 አሳይተዋል። በ1987 ደግሞ መንግሥታት ሞንትሪያል ላይ ተሰብስበው ምርታቸውን ለመቀነስ ተፈራረሙ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የፍሳሽ ምርመራ አሠራር ግን ያንኑ ፍሬዮን ይጠይቅ ነበር። ወንዙን ለመጠበቅ የወጣው ደንብ ሰማዩን የሚጎዳ ነገር ተጠቀሙ ይል ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ፍሬዮኑን በሌላ ፈሳሽ መተካት ለምን ከበደ? መልሱ ከኬሚስትሪው ይልቅ ከሕጉ ጋር የተያያዘ ነው። «ዘይትና ቅባት» የአንድ ኬሚካል ስም አይደለም። በተመረጠው አሟሚ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟውና ፈሳሹ ከተነነ በኋላ የሚቀረው ነገር ሁሉ ዘይትና ቅባት ይባላል። ስለዚህ ፈሳሹ ከተለወጠ ቁጥሩም ይለወጣል። ትናንት ሕግ አክባሪ የነበረ ፋብሪካ፣ ፍሳሹ ምንም ሳይለወጥ፣ ዛሬ ሕግ ተላላፊ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም እንዲሁ። ኤጀንሲው ተተኪዎችን ሲያወዳድር ዓመታት ወሰደ። ሄክሴን በሚባል ፈሳሽ የሚሠራው አዲሱ አሠራር የጸደቀው በ1999 ነው፤ ከሞንትሪያል ስምምነት 12 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የስምምነቱ አባል አገሮች ለላቦራቶሪ ሥራ ከተሰጠው ልዩ ፈቃድ ውስጥ በውሃ ያለ ዘይትና ቅባት ምርመራ ከ2002 ጀምሮ እንዲወጣ ወሰኑ።

ሄክሴን ኦዞንን አይነካም። ነገር ግን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ እንፋሎቱን ለረጅም ጊዜ የሚተነፍስ ሰው የእጅና የእግር ነርቮቹ ሊጎዱ ይችላሉ። ሰማዩ ሲተርፍ አደጋው ወደ ላቦራቶሪው ባለሙያ ቀረበ። «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለው ቃል በአንድ ጥያቄ ብቻ እንደማይመለስ ይህ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ለማን ተስማሚ? ለሰማዩ፣ ለወንዙ፣ ወይስ ፈሳሹን በእጁ ለሚይዘው ሰው?

በእነዚያው ዓመታት ሌላ መንገድ እየተከፈተ ነበር። በ1990 የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፓውሊሺንና የሥራ ባልደረባው በልዩ ሽፋን የተለበጠች ቀጭን ዘንግ ናሙናው ውስጥ በመንከር፣ ያለ ምንም አሟሚ ፈሳሽ፣ የሚፈለገውን ኬሚካል መሳብ እንደሚቻል አሳዩ። በ1998 አናስታስና ዋርነር 12ቱን የአረንጓዴ ኬሚስትሪ መርሆዎች አሳተሙ። በ2003 ደግሞ በአትክልትና ፍራፍሬ ላይ የቀረ የፀረ ተባይ መድኃኒት ለመመርመር ኬቸርስ የተባለ ዘዴ መጣ። ከዚያ በፊት ለአንድ ናሙና በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የሚፈጁ ዘዴዎች ነበሩ። ኬቸርስ 10 ግራም ናሙና በ10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽና በጥቂት ጨው ይጨርሳል።

ዘዴዎቹ ሲበዙ ማወዳደሪያ አስፈለገ። በ2012 የወጣው ኢኮ ስኬል ለእያንዳንዱ ዘዴ 100 ነጥብ ይሰጥና ለአደገኛ ኬሚካል፣ ለኃይል ፍጆታና ለተረፈ ምርት ነጥብ ይቀንሳል። ከ50 በታች የቀረ ወደቀ ማለት ነው። በ2022 የወጣው አግሪፕሬፕ ደግሞ ናሙና ዝግጅትን ብቻ ለይቶ በ10 መመዘኛዎች ይመዝናል፤ የባለሙያው ደኅንነትም ከእነሱ አንዱ ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 1 ነው።

የኬሚስቶች ዓለም አቀፍ ኅብረት በሆነው አይዩፓክ ሥር የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች በዚህ መለኪያ 174 መደበኛ ዘዴዎችን መዘኑ። ዘዴዎቹ ከአውሮፓና ከዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅቶች እንዲሁም ከመድኃኒት መመሪያ መጻሕፍት የተወሰዱ ናቸው። ከእነዚህ 67 በመቶው ከ0.2 በታች አገኙ። ሳይንሱ 30 ዓመት ወደፊት ሲራመድ መመሪያው ባለበት ቆሟል።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ስትል ንግዱ ክፉኛ ተናግቷል። ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ አገር ላቦራቶሪ ገዢው የሚያምነውን ዘዴ መከተል ግድ ይለዋል። መመሪያው ብዙ ፈሳሽ የሚጠይቅ ከሆነ ፈሳሹን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውም፣ ዝቃጩን የት እንደሚያስወግድ የሚጨነቀውም ላኪው ነው። መመሪያውን የጻፈው አካል ግን የዚህን ወጪ ሳንቲም አይከፍልም።

በነጥብ አሰጣጡ ላይ የሚነሳው ትችት መናቅ የለበትም። ለየትኛው መመዘኛ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ የሚወስነው ሰው ነው፤ ስለዚህ ውጤቱን ወደሚፈልጉት ማዘንበል ይቻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሕፃናት ምግብ ውስጥ ያለን መርዝ ሳያይ የሚያልፍ ዘዴ 1 ነጥብ ቢያገኝም አይረባም። ትክክለኛነት ይቀድማል። እኩል ትክክል ከሆኑ ሁለት ዘዴዎች መካከል ግን ብዙ የሚበክለውን መምረጥ ሰበብ የለውም።

ከፍሬዮን ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው። ላቦራቶሪዎቹ የተለወጡት የሚሠሩት ስህተት ስለ ተገለጠላቸው ብቻ አልነበረም። ስህተቱ ለዓመታት ሲታወቅ ቆይቷል። የተለወጡት መመሪያው ሲለወጥና የማብቂያ ቀን ሲቆረጥ ነው። የዛሬዎቹ መለኪያዎችም በጥናት ወረቀት ላይ ያማሩ ሥዕሎች ሆነው እንዳይቀሩ፣ ደረጃ አውጪዎች ከእያንዳንዱ መደበኛ ዘዴ ጎን ነጥቡን ማስፈር፣ ዝቅተኛ ነጥብ ላገኘውም የመሰናበቻ ዓመት መቁረጥ አለባቸው። ቀን ያልተቆረጠለት ማሻሻያ ምኞት ሆኖ ይቀራል።