ዜና ጥቁር ጥልፍ ዘሀገረ ለንደን

በለንደን ከተማ የጥቁር ሐር ጥልፍ እንዴት እንደ ኖረና ማን እንዳስተማረው እንጽፋለን። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ቁጥር አድርገነዋል፤ አንባቢ እንዳይስት።

በ1501 በኅዳር ወር የእስጳንያ ነገሥታት ልጅ ካትሪን ለንደን ገባች፤ በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያንም አልጋ ወራሹን አርተርን አገባች። እርሱ ግን ዓመት ሳይሞላው ሞተ። በ1509 ወንድሙን ሄንሪ ስምንተኛን አገባች። በነጭ የተልባ እግር ልብስ ላይ በጥቁር ሐር መጥለፍን ለእንግሊዞች ያመጣች እርስዋ ናት እያሉ፣ ሥራውን የእስጳንያ ሥራ ብለው ሲጠሩት ኖረዋል። ይህ የቤተ መንግሥት ወሬ ነው። ባለቅኔው ቾሰር፣ የሞተውም በ1400 ነው፣ አንገትጌዋ በጥቁር ሐር የተጠለፈ የአናጢ ሚስት በግጥሙ አስገብቷል። ንግሥቲቱ ሥራውን ብታስከብረው ነው።

እጅዋ ከመርፌ ያልተለየ መሆኑ ግን እውነት ነው። በ1529 ንጉሡ ሊፈታት ፈልጎ ሳለ፣ ካርዲናል ወልሲና ካርዲናል ካምፔጆ ሊያግባቧት ወደ ብራይድዌል ቤተ መንግሥት ቢመጡ፣ ከደንገጡሮቿ ጋር ከምትሠራበት ተነሥታ የነጭ ክር ቱባ በአንገቷ እንዳጠለቀች ወጣች። በሚከተለው ዓመትም ንጉሡ የሸሚዙን ጨርቅ ወደ እርስዋ መላኩን አልተወም። ንጉሡ በካትሪን ፈንታ ሊያገባት ያሰባት አን ቦሊን ይህን ባወቀች ጊዜ ጨርቁን ያደረሰውን ሰው ሰደበችው።

የሥራው ነገር እንዲህ ነው። ጠላፊዋ የጨርቁን ድርና ማግ ትቈጥራለች። መርፌዋን ሁለት ክር ከላይ፣ ሁለት ክር ከታች እያሳለፈች መስመሩን ትጨርሳለች። ከዚያ በመጣችበት ትመለሳለች፤ ስትሄድ የዘለለችውን ስትመለስ ትሞላዋለች። ስለዚህ ፊቱና ጀርባው አንድ ይሆናል፤ እጅጌው ቢታጠፍም ነውር አይታይበትም። ቋጠሮ አይቋጠርበትም። አንድ ክር ተሳስቶ የተቈጠረ እንደ ሆነ ወዲያው አይታወቅም። ከብዙ መስመር በኋላ ሐረጉ አልገጥም ሲል ይገለጣል፤ ያን ጊዜ መተርተር ነው። ጥላና ብርሃኑም በክሩ ውፍረትና ቅጥነት ይወጣል።

ሠዓሊው ሆልባይን በ1536 ገደማ የንጉሡን ሦስተኛ ሚስት ጄን ሲሞርን ሲሥል የእጅጌዋን ጥልፍ አንድ በአንድ አሳየ፤ ስፌቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የሣለው ስሙን ወሰደ፣ የጠለፈችው ሳትጠራ ቀረች። ሥዕሉ ባይኖር ግን ብዙ ነገር በጠፋ ነበር። ሐሩን ጥቁር ሲነክሩት ብረት ይጨምሩበት ነበርና ብረቱ ውሎ አድሮ ክሩን በላው። ከዚያ ዘመን በቀሩት አንዳንድ ልብሶች ላይ ጥልፉ ረግፎ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ይታያል።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1872፣ ቪክቶሪያ ዌልቢ የምትባል ወይዘሮ በስሎን ጎዳና ከባርኔጣ ሱቅ በላይ ሃያ ሴቶች ሰብስባ የጥልፍ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ሙያው እንዳይጠፋ፣ ለተቸገሩ ሴቶችም እንጀራ እንዲሆን። ትምህርት ቤቱ በ1903 ወደ ኤግዚቢሽን ሮድ ገባ፤ ከ1987 ጀምሮ በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ነው። ጄን ሲሞር በ1537 ወልዳ ሳትነሣ የሞተችው በዚሁ ግቢ ነው። የዛሬ ተማሪዎችም የእጅጌዋን ስፌት እዚያው ይማራሉ።

ኤግዚቢሽን ሮድን ካነሣን የራሳችንን ነገር ሳንጽፍ አናልፍም። በዚያው ጎዳና የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ። በ1868 መቅደላ ወድቆ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። የእቴጌይቱ ነው የሚባለው በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ከሌላው ዕቃ ጋር ሄዶ በ1869 ሙዚየሙ ገባ። በ2018 ለሕዝብ አሳዩት። ሕጉ አሳልፎ መስጠትን ስለሚከለክል ከመቅደላ የመጣውን ዕቃ በውሰት እንስጥ አሉ። ባለቤት የራሱን ዕቃ ይዋስ ማለት ነው።

በለንደን የምትኖሩ፣ መርፌ የለመዳችሁ ወገኖች ሆይ፣ ቀሚሱ እስኪመለስ አትጠብቁ። አስፈቅዳችሁ ሂዱና እዩት፤ ስፌቱን ቍጠሩ፣ ከየት ተጀምሮ ወዴት እንደ ዞረ በወረቀት አስፍሩ፤ ለልጆቻችሁም አስተምሩ።