ሰልባጅ አውሮፕላን ለአዲስ አገር

እስኪ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አዲስ አየር ኃይል የምታቋቁሙት እናንተ ብትሆኑና አንድ ሰው መጥቶ "ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ስድስት አውሮፕላኖች በነፃ ልስጣችሁ" ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? "ሰልባጅ አንፈልግም" ወይስ "እሰየው"?

ናሚቢያ "እሰየው" ብላለች። አገሪቱ ከደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ነፃ የወጣችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። በ1994 ደግሞ አሜሪካ ስድስት ሴስና ኦ-2ኤ የቅኝት አውሮፕላኖችን ሰጠቻት።

ለምን ተቀበለች? ካርታውን ተመልከቱ። የአገሪቱ ስፋት 825,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ የአትላንቲክ ዳርቻ አላት። በወቅቱ ሕዝቧ 2 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። በየብስ ዝሆንና አውራሪስ የሚገድሉ ሕገ ወጥ አዳኞች፣ በባሕር ያለ ፈቃድ ዓሣ የሚያጠምዱ የውጭ መርከቦች ነበሩባት። ይህን ሁሉ በእግርና በመኪና መጠበቅ አይታሰብም።

ኦ-2ኤ የተሠራችው ለቬትናም ጦርነት ነው። መሠረቷ ሴስና 337 የሚባለው የሲቪል አውሮፕላን ነው። አብራሪው ቀስ ብሎ እየበረረ ዒላማ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ጭስ በሚተፋ ሮኬት ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ ፈጣኖቹ ጄቶች ይመጣሉ። ክንፏ ከላይ ስለሆነ ወደ መሬት ማየትን አይከልልም። ተጨማሪ መስኮቶችም ተገጥመውላታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 500 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ አለ እንበል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በ9 ሰከንድ ያልፈዋል። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት ግን ከ2 ሰከንድ ትንሽ ቢበልጠው ነው። ቁጥቋጦ ሥር የተደበቀ ሰው ለማየት የቱን ትመርጣላችሁ? ለዚህ ሥራ ዝግታ ጉድለት አይደለም።

ሌላው ነገር ሞተሮቿ ናቸው። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ክንፍ ይይዛሉ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያዞረዋል፤ ጋሪን በአንድ በኩል ብቻ ስትገፉት እንደሚዞረው ማለት ነው። የኦ-2ኤ ሞተሮች ግን እያንዳንዳቸው 210 የፈረስ ጉልበት ኖሯቸው አንዱ ከፊት ይጎትታል፣ አንዱ ከኋላ ይገፋል። አንዱ ቢቆም ጉልበት ይቀንሳል እንጂ አውሮፕላኗ አትዞርም። ሰው በሌለበት በረሃ ወይም በውቅያኖስ ላይ ለሚበር አብራሪ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

እንከን የላትም ማለት ግን አይደለም። የኋላው ሞተር ቀዝቃዛ አየር እንደ ፊተኛው በቀላሉ ስለማያገኝ ሙቀት ያስቸግረዋል። አውሮፕላኗ ለመነሣት ስትንደረደር ቢጠፋ ደግሞ አብራሪው ላያስተውለው ይችላል፤ ወደ ጎን የሚያዞር ነገር የለማ! ስለዚህ ጠንቃቃ አብራሪ መጀመሪያ ለኋላው ሞተር ጉልበት ይሰጥና መሥራቱን ያረጋግጣል።

በነፃ የተገኘ ነገር ወጪም አለው። ሁለት ሞተር ማለት ሁለት ጥገና ነው። ሴስና 337ን በአሜሪካ ማምረት ካቆመ ረጅም ጊዜ ስለሆነ መለዋወጫው በየዓመቱ ብርቅ እየሆነ ይሄዳል። ነዳጁም የአቪዬሽን ቤንዚን ነው። ጄቶች የሚጠቀሙት የነጭ ጋዝ ዘመድ የሆነውን ነዳጅ ስለሆነ፣ ለእነሱ የተከማቸው ለዚህች አውሮፕላን አይሆናትም። በረሃ ውስጥ ላለ ሜዳ በርሜል ለብቻው መጫን የግድ ነው።

ዛሬ ይህን ቅኝት ድሮን ሊሠራው ይችላል። ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው። ምን ለማየት ነው የምንበረው? ቢበላሽ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ነዳጁንስ ማን ያደርሳል? የአውሮፕላኑ ዕድሜ የሚጠየቀው ከእነዚህ በኋላ ነው።