የለውዝ ግንብ

በላቲን ከተጻፉ ጥንታዊ ግጥሞች መካከል አንዲት የለውዝ ዛፍ ስለ ራሷ የምትናገርበት አለ። ርእሱ «ኑክስ» ነው፤ ያው «ለውዝ» ማለት ነው። (ለውዝ ስል በጀብሎ ትሪ ላይ የምናየውን ኦቾሎኒ ማለቴ አይደለም፤ ድንጋይ የሚያህል ቅርፊት ያለውን፣ ፈረንጆቹ ዋልነት የሚሉትን ትልቁን ፍሬ ነው።) ግጥሙን ኦቪድ ጻፈው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ የሌላ ሰው ነው የሚሉ ሊቃውንትም ብዙ ናቸው። ክርክሩን ለእነርሱ ትተን ዛፏን እንስማት። መንገድ ዳር መብቀሏ ጠንቅ ሆኖባታል። አንዳች ሳትበድል አላፊ አግዳሚው በድንጋይ ይወግራታል። ፍሬ ባይኖራት ማን ዞር ብሎ ያያት ነበር? መካኖቹ ዛፎች በሰላም ሲኖሩ እርሷ በመውለዷ ትቀጣለች።

ይህ ሁሉ እሮሮ በመካከሉ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይዟል። ዛፏ ፍሬዋ እንዲህ የሚፈለግበትን ምክንያት ስትናገር የልጆችን ጨዋታ ትቆጥራለች። ሦስት ለውዝ ከታች ያስቀምጣሉ፤ አራተኛውን ከላይ ይደርባሉ፤ ከዚያ በሌላ ለውዝ ያንን ትንሽ ግንብ ያፈርሱታል። አንዱ ሣንቃ አጋድሞ ለውዙን በተዳፋቱ ላይ ይለቅቃል፤ ከታች ከተኙት አንዱን ከነካ አሸነፈ። ሌላው መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ሥሎ ይጥልበታል። ሌላው ደግሞ ባዶ ዕቃ ራቅ አድርጎ ያስቀምጥና ፍሬውን ከእጁ ወደ አፉ ይወረውራል። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው ይህ ግጥም፣ ከቤት በተገኘ ነገር የዒላማ ጨዋታ እንዴት እንደሚሠራ ከነገሩን ጽሑፎች አንዱ ሆኖ መገኘቱ እኔን ከዛፏ እሮሮ በላይ ያስደንቀኛል።

ለውዝ በሮም የልጅነት ሌላ ስሙ ነበር። «ለውዙን ተወ» ማለት አደገ፣ ሰው ሆነ ማለት ነው። በሠርግ ዕለት ሙሽራው ለውዝ ይበትን ነበር። ባለቅኔው ማርሻል በታኅሣሥ የሳቱርናሊያ በዓል ማብቂያ፣ መምህሩ ሲጠራው ለውዙን ጥሎ እያዘነ ወደ ትምህርት የሚመለስ ልጅ ጽፎልናል። የታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒዩስ ደግሞ ያን ሁሉ ግዛት የያዘው አውግስጦስ ቄሣር መንፈሱን ሊያሳርፍ ሲሻ ከትንንሽ ልጆች ጋር በለውዝ ይጫወት እንደነበር ይነግረናል። ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ። የሚያሳዝነኝ ግን ሌላው ነው፤ ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተረፉ የሕፃናት የድንጋይ ሣጥኖች አንዳንዶቹ ላይ የተቀረጸው የለውዝ ጨዋታ። ልጁን የሚቀብር ወላጅ አማልክትን፣ ጀግኖችን፣ ብዙ ነገር ማስቀረጽ ይችል ነበር። እነዚህኞቹ ግን የመረጡት ልጆች ጎንበስ ብለው ግንቡን ሲያፈርሱ ነው። ለውዙን ሳይተው የሞተ ልጅ፣ በድንጋይ ላይ እስከ ዛሬ አልተወውም።

ያ ባዶ ዕቃ ወደ ቻይና ይወስደናል። በዚያ አገር «ቶውሁ» የሚባል ጥንታዊ ጨዋታ አለ፤ ቀስቱን በደጋን ሳይሆን በእጅ ይዞ፣ አንገተ ረጅም በሆነ የወይን ጠጅ እንስራ ውስጥ መወርወር ነው። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ለቀስት ውድድር የሚበቃ ግቢ ባልነበረበት ቤት የጦር ጥበብ ወደ ማዕድ ወርዶ የተፈጠረ ነው። «ሊጂ» የተባለው ጥንታዊ መጽሐፈ ሥርዓታቸው ለዚህ ጨዋታ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ጋባዡ እንግዳውን ሲጋብዝ ቀስቶቼ የተወላገዱ፣ እንስራዬም አፈ ጠማማ ነው እያለ ይለምናል፤ እንግዳው ሁለት ጊዜ እምቢ ካለ በኋላ ይቀበላል። «ምንም የለንም፣ እንዲያው ቤት ያፈራውን» እየተባለ ላደገ ለእኛ ይህ ንግግር ትርጉም አያሻውም።

መጽሐፉ ዕቃውንም አልዘነጋም። የቀስቱ ልጥ አይላጥም። እንስራው ከምንጣፉ የሚርቀው በቀስቱ ርዝመት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ከሁሉ ይልቅ የወደድሁት፣ እንስራው ውስጥ ትንንሽ ባቄላ ይጨመራል፤ ካልተጨመረ ቀስቱ ነጥሮ ይወጣል።

ሲማ ጉዋንግ (እ.ኤ.አ. 1019–1086) የቻይናን የ1362 ዓመት ታሪክ በ294 ክፍሎች የጻፈ ታላቅ ሰው ነው። የዘመኑን የመንግሥት ማሻሻያ ተቃውሞ ከቤተ መንግሥት በራቀበት ወቅት፣ በ1072፣ ለዚህ ጨዋታ አዲስ ደንብ ጻፈ። የቀድሞው አቆጣጠር በአጋጣሚ ለገባ ውርወራ ብዙ ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ እርሱ ይህን አልወደደም። ደጋግሞ፣ እጁ ሳይዛነፍ ያገባ ይከበር አለ። ቀኑን ሙሉ ሂሳብ ሲያስታርቅ ለሚውል እንደ እኔ ያለ ሰው ነገሩ ልክ ይመስላል። ልጆች ግን አይስማሙም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያገባውን ነው የሚሸከሙት።

በእኛም አገር ጦሩ እንዲሁ ወደ ጨዋታ ወርዷል። ጉግስ ላይ ጦሩ ዘንግ ሆነ። ወንጭፉም ሁለት ኑሮ ነበረው፤ ማማ ላይ ተቀምጦ ከማሽላ ወፍ ለሚጠብቅ ልጅ ሥራም ጨዋታም ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1928 እና 29 ጎጃም ቆይቶ፣ በ1935 ስለ አበሻ ጨዋታዎች ብቻ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ከዚያ ወዲህ ከተማው ያመጣውን ግን መዝጋቢው ያው ልጁ ነው። ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ካልሲ ኳስ ሆነ፤ ባዶ ጣሳ እየተደራረበ ግንብ ሆነ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1922 መጠመቅ ከጀመረ ወዲህ በየዘመኑ ቆርኪ ከጠርሙስ ላይ ወድቆ የልጅ ገንዘብ ሆኗል። ለሰኞ ማክሰኞ የሚጣለው ገል፣ ያው የተሰበረ ምጣድ ወይም እንስራ ነው። ብይ ስንጫወት የተሸነፈው «ተበላሁ» ይላል፤ የሮሙ ልጅ ግን ሲበላ በእውነት ይበላ ነበር፤ ያሸነፈው ልጅ ለውዙን ሰብሮ ይውጠዋል።

የቻይናውን ደንብ ባለፈው እሑድ ሞከርሁት። ትልቅ ባዶ ሃይላንድ አንገቱን ቆርጬ፣ የእህቴን ልጆች እስክሪብቶ አስያዝሁ። እውነትም ነጥሮ ይወጣል። ባቄላ አልነበረም፤ ሁለት እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ጨመርሁበት፣ እስክሪብቶውም ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንሿ በግራ እጇ ወርውራ አገባች፤ ታላቋ «ይሄማ በዕድል ነው» ብላ ተቆጣች። እኔ ስለ ሲማ ጉዋንግ ልነግራቸው ስጀምር ሽምብራው ተበልቶ አልቆ ነበር።