የእናቶቻችን ቁጠባ፦ ከአሞሌ እስከ አክሲዮን

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ በስብሰባዎቻችን ላይ ቡናው ሳይፈላ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የቆጠብነውን የት እናኑረው? በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሲወጣ የዘይትና የመድኃኒት ዋጋ ተከትሎት ወጣ፤ የማኅበራችን ሣጥን ግን ባለበት ቀረ። አንዳንዶቻችን ገንዘቡ ለአባላት ይከፋፈል አልን፤ አንዳንዶቻችን ወርቅ ይገዛበት፤ ሌሎቻችን ደግሞ ባንክ እንዳለ ይቀመጥ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ሴቶች ጥሪታቸውን በምን እንዳኖሩና ምን እንደደረሰበት ማስታወስ ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል።

የአብዛኛው አገሬ ሰው ባንክ በረቱ ነበር። ላም ትወልዳለች፣ ታልባለች፣ በሬ ያርሳል፤ ከዚህ የተሻለ ወለድ የሚከፍል ነገር ዛሬም ማግኘት ይቸግራል። ችግሩ ሀብቱ ሁሉ በአንድ በረት መሆኑ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የከብት በሽታ አገሩን ሲያዳርስ፣ ትናንት ባለጸጋ የነበረው ቤት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባዶ ቀረ። በሬ ስለጠፋ እርሻ ቆመ፤ ረሃቡም ተከተለ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የሚነገረው ከዚያ ዘመን ነው።

ለገበያ የሚሆነው ገንዘብ አሞሌና ጠገራ ብር ነበር። አሞሌ ከአፋር የጨው ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚመጣ ጨው ነው፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፣ ጠርዙ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል፤ ሲቸግር ግን ወጥ ውስጥ ይገባል። የሚበላ ገንዘብ መኖሩ ለባለቤቲቱ ትንሽ ነገር አልነበረም። ጠገራ ብር ደግሞ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ብር ነው። ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላ የተመታው ሁሉ 1780 የሚለውን የአውሮፓ ዓመት ይዞ ወጣ። ነጋዴዎቻችንም ቀላል ሰዎች አልነበሩም፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ጠርተው ካልታዩ አንቀበልም ይሉ ነበር።

ሴቶች ጠገራውን ብዙ ጊዜ ብር አድርገው አላኖሩትም። አንጥረኛ ዘንድ ወስደው መስቀል፣ ድሪ፣ አምባርና አልቦ አሠሩበት። ይህን የጌጥ ፍቅር ብቻ አድርገው የሚተርኩ አሉ፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። አንገት ላይ ያለ ብር የማን እንደሆነ አያከራክርም፤ ቢቸግር ይሸጣል፣ ተመልሶም ይቀልጣል፤ ባል ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ ከሴቲቱ ጋር ይወጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ የጋራውን ሀብት እንዲያስተዳድር የሾመ ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት የጋራ ሀብታቸውን በእኩልነት ያስተዳድራሉ፣ ቤትም ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም።

ባንክ ወደ አገራችን የገባው በ1898 ዓ.ም. በአቢሲንያ ባንክ ነው። ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የተቋቋመ ስለነበር ደንበኞቹ በአብዛኛው የውጭ አገር ነጋዴዎች ነበሩ። እቴጌ ጣይቱ ይህን አልወደዱትም፤ ብዙም ሳይቆይ ለእርሻና ለንግድ የሚያበድር የአገር ሰው ማኅበር አስቋቋሙ። ማኅበሩ ትልቅ ባንኩን አልገዳደረም፤ ቢሆንም ሴት የብድርን ነገር ያሰበችው ዛሬ አይደለም ለማለት ይበቃናል። ጣሊያን በገባ ጊዜ የወረቀት ሊሬ ሲታደል ሕዝቡ ጠገራውን ቀብሮ አስቀመጠ፤ ፋሺስቶቹ ሲወጡ ሊሬው ወረቀት ሆኖ ቀረ። በ1937 ዓ.ም. የራሳችን ገንዘብ ሲታተም ሽልንጉ፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲሙ፣ ከብር የተሠራ ስለነበር እሱም ብዙ ሳይቆይ ወደ አንጥረኛው ሄደ።

ከዚያ በኋላ የከተማ ሴት ተስፋ ቤት ሆነ። ጠላና ጠጅ ሸጣ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ከግቢዋ ጥግ ሁለትና ሦስት ክፍል ሠርታ ማከራየት፤ ጡረታ ለሌላት መበለት ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። ባለ ፎቁም ባለ ሁለት ክፍሏም በአንድ አዋጅ ታቀፉ። ሌላ ገቢ ለሌላቸው በወር የምትሰጥ ክፍያ ነበረች እንጂ የኪራዩን ያህል አልነበረችም። በሌላ በኩል ኪራይ ስለተቀነሰ ስንት ደሃ ቤተሰብ ጣሪያ አገኘ፤ ከእኛም መካከል በቀበሌ ቤት ያደግን ብዙዎች ነን። አዋጁ ለአንዷ ጎረቤት እፎይታ፣ ለሌላዋ የዕድሜ ልክ ድካም መና መቅረት ነበር፤ ሁለቱንም ሳንናገር ይህን ታሪክ መናገር አይቻልም።

የባንክ ደብተር የያዙትስ? ደብተሩ አልጠፋም፤ ውስጡ ነው ያለቀው። በደርግ ዘመን ሁሉ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በመስከረም 1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ብር እንደገና ሲዳከም ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ቤት ውስጥ ያስቀመጡትም አላመለጡም፤ በ1969 ዓ.ም. ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ኖቱ ሲለወጥ በፍራሽ ሥር የነበረው ሁሉ በተወሰነው ጊዜ ባንክ መድረስ ነበረበት።

ስለ ዕቁብ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር፤ የሚነካን እሱ ነውና። ሃያ ሴቶች በየወሩ ሺህ ሺህ ብር እየጣሉ ዕቁብ ገቡ እንበል። የመጀመሪያዋ ባለዕጣ 20 ሺህ ብር ትወስዳለች፤ የመጨረሻዋም 20 ሺህ ትወስዳለች፣ ግን ከ19 ወር በኋላ። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ ቢጨምር የመጨረሻዋ ብር የሚገዛላት መጀመሪያ ወር ላይ ወደ 13 ሺህ ብር ይገዛ የነበረውን ነው። ዋጋ በተረጋጋ ጊዜ ዕጣ የዕድል ነገር ነበር፤ አሁን ግን ሳይታወቅ ከኋለኛዋ ወደ ፊተኛዋ ገንዘብ ያሻግራል። ይህ ማለት ዕቁብ ይቅር ማለት አይደለም። ያለ ዋስትና ወረቀትና ያለ ወለድ ዳጎስ ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚያስገኝልን ሌላ ነገር የለም። ዘመኑን ማሳጠር፣ ፊተኛዎቹ ለኋለኞቹ ጥቂት እንዲጨምሩ መስማማት፣ ወይም በብር ፈንታ ዕቃ ማውጣት ይቻላል። ዕድር ግን ሌላ ነው፤ የሐዘን መሸፈኛ እንጂ ቁጠባ አይደለምና ከዚህ ስሌት ውጭ ይሁን።

አክሲዮንም ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነው። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው በ486 ባለአክሲዮኖች ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ ደግሞ በሴቶች ተነሣሽነት የተቋቋመ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ በድምሩ 9,900 ብር ነበር። ለእንጀራ ሻጭ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ልጅ ሲታመም ነገ ጠዋት ሸጣ የምታነሣው ገንዘብም አይደለም። ስለዚህ በልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና በቤት ኪራይ አክሲዮን አይገዛም።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። የሣጥኑ ገንዘብ አይከፋፈል። የሦስት ወር ብድርና የድንገተኛ ችግር መሸፈኛ የሚሆነው፣ ዋጋው ቢቀንስም፣ ባንክ ይቀመጥ። ከቀሪው የሚበዛው ማኅበሩ በጋራ ለሚገዛው ጤፍና በርበሬ ይዋል፤ አዝመራ ሲገባ ገዝቶ ክረምት ላይ ለአባላት በተመጣጣኝ ዋጋ መሸጥ የለመድነው ሥራ ነውና። የተረፈው ትንሽ ድርሻ አክሲዮን ይሞከርበት። የእህል ማከማቻው ጣሪያ ክረምቱ ሳይገባ መጠገን ስላለበት፣ ደጋፊዎቻችን የሚቻላችሁን በቆርቆሮና በሚስማር ብታግዙን ከሣጥኑ ለዚያ የምናወጣው ይቀንስልናል። የሚቃወም ሐሳብ ያላት አባል ከጉባኤው በፊት ለጸሐፊያችን በጽሑፍም በቃልም ታስመዝግብ።